የገድሉ ኑግ

በባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ የሐጂ ሙሀመድሰዒድን የኑግ ዘይት የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ዓሣ በልቶ አያውቅም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ዘይት የሚያስቀዱት ከእሳቸው መጭመቂያ ነው። በሌላ ዘይት የጠበሰች እንደሆነ ደንበኛዋ ገና ሽታውን ሲሰማ ያውቅባታል ይባላል። ይህስ ትንሽ ተጋንኗል፤ ሐጂ ግን ሲወራ ሰምተው አስተባብለው አያውቁም።

የሐጂ ትልቋ ልጅ ኢኽላስ ኬሚስትሪ ተምራ እዚያው ከተማ፣ አንድ የምግብ ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥራለች። አባት ዘይት ይጨምቃሉ፣ ልጅ ዘይት ትመረምራለች። ሐጂ በዚህ ነገር የሚሰማቸውን ኩራት ለመደበቅ ሞክረው አያውቁም። ለከብቱ ፋጉሎ ሊገዛ የመጣ ገበሬ እንኳ «ልጄ እኮ የዘይትን አንጀት የምታይ ናት» የሚለውን ሳይሰማ አይሄድም። ኢኽላስ እንዲህ ሲባል እያፈረች፣ በሆዷ ግን ደስ ይላታል።

የሐጂ ኑግ የሚመጣው ከአንበሳሜ ነው። የሚያመጡላቸው አቶ ገድሉ ናቸው፤ ከየገበሬው እየሰበሰቡ፣ እየነፉ፣ እያበጠሩ በአይሱዙ ጭነው ይመጣሉ። ሁለቱ ሰዎች ጢማቸው ሳይወጣ ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን ስለሆኑ ሥጋው በየቤታቸው ነው፤ አብረው ሲቀመጡ የሚበሉት የጾም ወጥ ነው፣ በሐጂ ዘይት የተሠራ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሐጂ ለገድሉ ቤት ዘይት ይልካሉ። ገድሉ ደግሞ ለኢኽላስ የሽምብራ እሸት ሳይዙ መጥተው አያውቁም፤ ልጅ ሳለች የጀመሩት ነው፤ ዲግሪዋን ከጫነች በኋላም አልተዉትም።

ሐጂ በስተርጅና አንድ ምኞት መጣባቸው። ዘይታቸውን በጠርሙስ አሽገው፣ ስማቸው ተጽፎበት፣ በሱቅ ተደርድሮ ማየት ፈለጉ። ለዚህ ደግሞ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጥር ላይ አዲሱ ኑግ ሲገባ ከመጀመሪያው ጭማቂ አንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ላቦራቶሪው ድረስ ራሳቸው አመጡት።

የኢኽላስ አለቃ አንዳርጋቸው የመሐል አገር ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል፣ ቀልዱ ግን እሾህ አያጣውም። ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያሳየ፣ «የአባትን ዘይት ልጅ ከመረመረችውማ መመርመር ለምን አስፈለገ? ዝም ብለን ማኅተሙን እናትምላቸው» አለና ሳቀ። የነበሩትም ሳቁ። ኢኽላስ አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ግን ቀላች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለቤት መርጦ ያመጣው ናሙና በደንቡም አይያዝም፤ ናሙና የሚወስደው መርማሪው ራሱ፣ ከቦታው ሄዶ፣ ባለቤቱ ባለበት ነው። ኢኽላስ የደንቡን ግማሽ አጥብቃ ያዘች፤ ግማሹን ዘለለችው። አባቷ ፊት ቆማ «የእርስዎን ጠርሙስ አላምነውም» ማለት አልሆነላትም። ስለዚህ ዓርብ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ በሄደበት ሰዓት፣ በእናቷ ቁልፍ መጭመቂያ ቤቱን ከፍታ ገባች። በወግ የተደረደሩት ጀሪካኖች ለደንበኛ የተዘጋጁ መስለው ታዩዋት፤ እነሱንም አላመነችም። ከበሩ ኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ለብቻው የተቀመጠ አሮጌ ጀሪካን ነበር። ከዚያ ቀዳች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄዋ እያኮራት ቆልፋ ወጣች። አባቷ ያመጡትን ጠርሙስ ደግሞ ለናሙና አይሆንም ብላ ቤቷ ወስዳ ሽሮ ሠራችበት።

ዘይት ለዓይን አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ፋቲ አሲድ የሚባሉ ነገሮች ተቀላቅለውበታል። ኢኽላስ ዘይቱን ከሜታኖል ጋር አሙቃ ቀላል ታደርገውና በቀጭን መርፌ ወደ ማሽኑ ትሰደዋለች። ማሽኑ ውስጥ እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ረጅምና ቀጭን ቱቦ አለ፤ ጋዝ ከኋላ እየገፋ ያን ሁሉ ያሳልፈዋል። አንዱ ፈጥኖ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በየተራ ሲወጡ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ጉብታ እየሠሩ ያልፋሉ። በኑግ ዘይት ከሁሉ ገዝፎ የሚቆመው ሊኖሌይክ ነው። ጎመንዘር የገባበት እንደሆነ ግን ሁሉም አልፎ፣ አለቀ ሲባል፣ መጨረሻ ላይ ኤሩሲክ ብቅ ይላል። የኑግ ዘይት እሱን አያውቀውም። በብዛት ሲበላ ለልብ አይበጅም ስለሚባል ላቦራቶሪው እሱን ከልክ በላይ ካየ ማረጋገጫ አይሰጥም።

ኢኽላስ ሊኖሌይክን አየች፤ በልማዱ ቦታ ቆሟል። እፎይ ብላ ልትነሣ ስትል መስመሩ እንደገና ወደ ላይ ተነሣ። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ሁለተኛ መርፌ ወጋች፤ ያው ነው። የዘይቱ ሩብ ያህል ጎመንዘር ነበር። ከዓሣ ጠባሾቹ እስከ መስጊዱ ኢማም ድረስ አባቷን የሚያምናቸው ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቀነ።

ያን ዕለት ማታ አባቷ ቤት ለእራት ሄዳ ነገረቻቸው። አንገቷን ደፍታ፣ በአጭሩ፣ «አባ፣ ዘይቱ ውስጥ ጎመንዘር ተገኝቷል። ማረጋገጫውን መስጠት አይቻልም» አለች።

ሐጂ ሳቁ መጀመሪያ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አይተው ሳቃቸውን ተዉት። «ከማምጣቴ በፊት አይቼዋለሁ እኮ» አሉ።

«ናሙናው የተወሰደው ከመጭመቂያ ቤቱ ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው፣ ከየትኛው ጀሪካን እንደተቀዳ አልተናገረችም። ዓርብ ቀን እንደ ሌባ ገብታ መቅዳቷን ለመናገር አፈረች። «ከበሩ ኋላ» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣት ኖሮ ነገሩ እዚያው ማዕድ ላይ በሳቅ ያልቅ ነበር። አልወጣቻትም።

ሐጂም አልጠየቁ። ልጃቸውን ሊያጣሩ? የዘይትን አንጀት የምታየዋን? «እኔ ጎመንዘር አላስገባሁም። ሙሐዲን አያስገባም። እንግዲህ ከዘሩ ነው» አሉ። ሙሐዲን የኢኽላስ ታናሽ ወንድም ነው፤ መጭመቂያውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ከዘሩ ነው ማለት ደግሞ ገድሉ ነው ማለት ነው። የገድሉን ስም ግን ያን ማታ ማንም አልጠራም።

ገድሉ በሳምንቱ መጡ፤ አይሱዙው ደጅ ቆመ። ኢኽላስ ቅዳሜ ስለነበር አባቷ ቤት ነበረች፤ የሽምብራ እሸቱን ታቅፈው ሲወርዱ በመስኮት አየቻቸውና ወጣች። ሐጂ ግን በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሰላምታ አልሰጧቸውም።

«አታውርደው» አሉ።

«ምነው፣ ቦታ የለህም?»

«ጎመንዘር ተገኘበት።»

ገድሉ እሸቱን እንደታቀፉ ቆሙ። «ኑጌ ላይ?»

«ኑግህ ላይ።»

«ማን አየው?»

«ኢኽላስ። በማሽን።»

ገድሉ እሸቱን መሬት አስቀመጡ። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትተው አንድ እፍኝ ኑግ ዘገኑና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በጣታቸው በተን በተን አደረጉት። ከጥቁሩ ኑግ መሐል አንድ ሁለት ቡናማ የጎመንዘር ፍሬ ነበረች፤ በየማሳው ዳር የሚበቅል ስለሆነ ጨርሶ የሌለበት ኑግ ተገኝቶ አያውቅም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐጂ ራሳቸው እፍ ብለው ያለፉት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ያችን ፍሬ አዩ። ገድሉ ቀና ብለው ኢኽላስን ተመለከቷት። አንድ ነገር ትለኛለች ብለው እንደሚጠብቁ ያህል ተመለከቷት። እሷ ዓይኗን ሰበረች። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ጆንያውን መልሰው አሠሩና ሹፌሩን «አዙረው» አሉት።

ሐጂን ያንገበገባቸው ይህ ነው። ገድሉ እንዲጮኹ፣ እንዲምሉ፣ እንዲሰድቧቸው ነበር የጠበቁት። «ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም ይላል?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ሰነበቱ። ገድሉ ከዚያ በፊት ካስረከቡት ኑግ ግማሽ ጆንያ ቀርቶ ነበር፤ ሐጂ አልጨምቀውም ብለው ጥግ አስያዙት። የካቲት ላይ ጾሙ ገባ። ወደ አንበሳሜ ዘይት አልሄደም። ሐጂ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ ብሏቸው ነበር፤ ሰው ሲጠይቃቸው ጨጓራዬ ነው ይላሉ።

ኢኽላስ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቀላል ሒሳብ አልሠራችም። ማሽኑ ያሳያት ጉብታ እንዲወጣ ከአራት ጆንያ አንዱ ሙሉ በሙሉ ጎመንዘር መሆን ነበረበት። ያን ያህል ጎመንዘር ኑግ ውስጥ ቢገባ ማሽን አያስፈልግም፤ ጥቁር ጆንያ ቡናማ ይሆናል፣ ማንም መንገደኛ ያየዋል። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን መጀመሪያ የምትሠራው ይህን ነበር። ለአባቷ ወዳጅ ግን ጆንያው ውስጥ ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችም። ስክሪኑን አምና ተቀመጠች።

ሚያዝያ ላይ የመጭመቂያው ጠመዝማዛ ብረት ተበላ። ጥር ላይ ገና አዲስ ተገዝቶ ነበር፤ ጥራት የለውም ተብሎ ሌላ ተለወጠ። ኢኽላስ ለእናቷ መድኃኒት ልታደርስ መጥታ በመጭመቂያ ቤቱ ስታልፍ ሙሐዲን ከቆርቆሮ ቡናማ ፍሬ ወደ መጭመቂያው አፍ ሲያፈስ አየችው።

«ምንድን ነው የምትጨምረው?»

«ጎመንዘር ነዋ።» ቀና እንኳ አላለም። «አዲስ ብረት በገባ ቁጥር መጀመሪያ በጎመንዘር ይታሻል። የብረቱን ብናኝ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ያለሰልሰዋልም። ምጣድ አዲስ ሲሆን በጎመንዘር ይታሽ የለ? አባ ከጥንትም እንዲህ ነው የሚያሠራኝ።»

ኢኽላስ እጇ ላይ ያለው የመድኃኒት ከረጢት ከበዳት። «የሚወጣውስ ዘይት?»

«እሱማ አይሸጥም። ከበሩ ኋላ ባለው ጀሪካን ይጠራቀማል። ሽታው እስኪለቅ ድረስ በላዩ የሚጨመቀውም ኑግ እዚያው ነው የሚገባ። ጋሪ ነጂዎች የመንኮራኩራቸውን ብረት ሊቀቡበት ይወስዱታል።»

«ጥር ላይም እንዲህ አድርገህ ነበር?»

«ያኔም አዲስ ብረት ገብቶ ነበር እኮ። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ቀለምሽ ጠፋ።»

ደክሞኝ ነው አለችው። ወጥታ ሐይቁ ዳር ድረስ በእግሯ ሄደች። ዓሣ ጠባሾቹ «የሐጂ ልጅ፣ ነይ ቅመሽ» እያሉ ጠሯት፤ አልሰማቻቸውም። ታንኳዎቹ በሚታሰሩበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአቶ ገድሉን አንገት መድፋት አሰበች፤ አሰበችና አለቀሰች።

አልቅሳ ሲያበቃ ግን ምን አደረገች? ለአባቷ ልትነግር ተነሣች፤ ደግሞ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላረጋግጥ አለች። ጥግ ከተያዘው የገድሉ ኑግ አንድ እፍኝ ወስዳ፣ ዘይቱን ራሷ አውጥታ፣ በማሽኑ አይታ፣ ውጤቱን ይዛ ትሄዳለች። አንዴ ሳታጣራ ተናግራ ይህን ሁሉ አመጣች፤ ዳግመኛ ሳታጣራ አትናገርም። ይህ ለሰሚ የባለሙያ ንግግር ነው፤ እሷም ራሷን በዚሁ አሳመነች። እውነቱ ግን ፈርታ ነበር። አባቷን ማየት ፈራች። ባዶ እጇን ከምትቀርብ ወረቀት ይዛ ብትቀርብ የሚቀልላት መሰላት።

ላቦራቶሪ ስትገባ ማሽኑን የሚገፋው ጋዝ አልቋል። አንዳርጋቸው «ከአዲስ አበባ ታዝዟል፤ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» አላት። መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ዛሬ ሲከፈት ነገ የሚዘጋ ነበር። ኢኽላስ ጠበቀች። ጠዋት ጠዋት ጋዙ መጣ ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ አልመጣም ሲሏት፣ አሳፋሪ ነገር ነው እንጂ፣ ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለች። አንድ ቀን ለአቶ ገድሉ ስልክ መታች። መጥራት ሲጀምር ዘጋችው። ምን ብላ ትጀምር? ጋዙ ይምጣና በሙሉ አፌ እነግራቸዋለሁ አለች።

ከጋዙ በፊት መርዶ መጣ። ገድሉ አርፈዋል። ለካ ከጾሙ ጀምሮ ታመው ነበር፤ ጉበት ነው አሉ ሰዎቹ፤ ሕክምና ውሰዱኝ ሳይሉ፣ ለማንም ሳይናገሩ ቆይተው፣ ጭራሽ ከአልጋ ሲቀሩ ነው የታወቀው።

ሐጂ መርዶውን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። ጣታቸው ቆመ። ሙሐዲን «መኪና ላዘጋጅ?» ሲላቸው «ለማን ብዬ?» አሉ። ደጅ ወጥተው ጆንያ ሲያገላብጡ፣ የተገላበጠውን መልሰው ሲያገላብጡ ዋሉ። ቀብር አልሄዱም። ኢኽላስ ያን ቀን እንኳ አልተናገረችም። ቀብር ላይ ያለን ሰው ማን ይመልሰዋል ብላ ነው፤ ከዚህ የባሰ ምክንያት ለራሷ ሰጥታ አታውቅም።

ጋዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያችን እፍኝ ኑግ ፈጨች፣ ዘይቱን አወጣች፣ መርፌውን ወጋች። ሊኖሌይክ ወጣ። መስመሩ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፤ ኤሩሲክ በሚወጣበት ቦታ ላይ ምንም ሳይነሣ አለፈ። ጥርት ያለ ኑግ ነበር። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ኑግ ላቦራቶሪው ገብቶ አያውቅም ብሎ አንዳርጋቸው አደነቀ። ኢኽላስ መጸዳጃ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ጮኸች።

አባቷን ያገኘቻቸው ለዐስር ሶላት ሲታጠቡ ነው። ሰግደው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ መጭመቂያ ቤት ይዛቸው ገብታ ከበሩ ኋላ ያለውን ጀሪካን በእጇ አሳየቻቸው።

«አባ፣ እኔ የቀዳሁት ከዚህ ነው።»

ሐጂ ጀሪካኑን አዩት፤ እሷን አዩዋት። እንደገና ጀሪካኑን አዩት። መናገር አላስፈለጋትም። ያረጀ ፊታቸው እንዴት እንደፈረሰ ኢኽላስ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

«መቼ?»

«ጥር ላይ። ጁምዓ ሄዳችሁ ሳለ።»

«እኔ እያለሁ ብትቀጅ ምን ነበር፣ ልጄ? እነግርሽ አልነበር?»

«እርስዎን ያላመንሁ እንዳይመስልዎ ብዬ...»

«አላመንሽኝም» አሉ ሐጂ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያሉት። ቀጥለውም፣ «ይህ የጎመንዘር መሆኑን ካወቅሽ ቆየሽ?» አሉ።

«ሙሐዲን ብረቱን ሲለውጥ ነው ያወቅሁት። በማሽን ላረጋግጥ ብዬ፣ ጋዝ ጠፍቶ...»

«ጋዝ» አሉ። ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። «ጋዝ ጠፍቶ።» ኢኽላስ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስትይዝ አልገፏትም፤ እጃቸውንም ግን ራሷ ላይ አላኖሩም።

በማግሥቱ መንገዱ ክፍት ነው ተባለና አባትና ልጅ በማለዳ ተነሡ። የአባይን ድልድይ ተሻግረው፣ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ አቧራውን ይዘው ወጡ። ሐጂ አንድ ጀሪካን ዘይት ጭነዋል። «ቀብሩ ላይ ያልቆምሁ ሰው ምን ብዬ እገባለሁ?» አሉ አንዴ። ልትናገረው ያለችውን ቃል በሆዷ እየደጋገመች፣ አንዱን ከሌላው እያማረጠች ነው አንበሳሜ የደረሱት።

የገድሉ ሚስት የብርጓል በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐጂን ስታይ ተነሣች። ሐጂ ገና «የብርጓል...» ከማለታቸው ሮጣ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሐጂ ደንግጠው ሊያነሷት ጎንበስ አሉ፤ አልነሣም አለች።

«ይቅር ይበሉት፣ ሐጂ! ይቅር ይበሉት! አደራ ብሎኛል!» እያለች ታለቅሳለች። «‹እኔ ባልደርስ አንቺ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ› ብሎኛል። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ኑግና ጎመንዘር በዓይኔ ስለይ ኖሬ፣ በመጨረሻ ዓይኔ ከዳኝ፤ ሳላውቀው ወዳጄን ጎመንዘር አሸከምሁት፣ ስሙን አጠፋሁት። ምን ፊት አለኝ ብዬ ልሂድ?› እያለ ነው የሞተ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ እፍኝ ኑግ አልገዛም። ዓይኔ አይታመንም ብሎ ሚዛኑን ለሰው ሰጠው። ቀብሩ ላይ ቢቀሩም አልተቀየምን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሐጂ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

የብርጓልም ዞረች። ኢኽላስን ለይታ ስታውቃት ፊቷ ትንሽ በራ፤ ተነሥታ የኢኽላስን እጆች በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ ነሽ አይደል ያየሽው? ኢኽላስ ነሽ አይደል? እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ሳይመርቅሽ ውሎ አያውቅም ነበር። ‹እሷ ባታይልኝ ኖሮ ሰው እንዳታለልሁ እሞት ነበር› ይል ነበር።»

ኢኽላስ በመንገድ ሁሉ ያማረጠችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «እትዬ የብርጓል፣ የጋሼ ገድሉ ዓይን አልከዳቸውም» አለች። «ስህተቱ የእኔ ነው። ለሰው ከማይሸጥ ጀሪካን ቀድቼ ነው። የጋሼ ኑግ ንጹሕ ነበር። መርምሬዋለሁ፤ አንድ እንከን የለውም።»

የብርጓል ወዲያው አልገባትም። እጇን እንደያዘች ፊት ፊቷን ታያታለች። «ዓይኑ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር።»

«ኑጉም?»

«ኑጉም።»

የብርጓል ቀና ብላ ባዶውን መጋዘን አየችው። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?» አለች።

ማሽኑ ያረጋገጠው ከቀብሩ በኋላ ነው። ኢኽላስ ይህን ብትል ውሸት አልነበረም፤ ወረቀቱም ላይ ቀኑ አለ፤ ሐጂም ቢሆኑ አያስተባብሏትም ነበር። የብርጓልም እንደ እግዜር ፈቃድ ቆጥራው ታልፈው ነበር። ኢኽላስ የያዟትን ሻካራ እጆች አየቻቸው።

«በሕይወት እያሉ ነው» አለች።

የብርጓል እጆቿን ቀስ ብላ ከኢኽላስ እጅ አወጣች። ወደ ደጃፏ ተመልሳ ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።